የዶልፊኑ ሞተር ተሠራ፤ ዘይቱ ስንት ቁጥር ይሁን?

ጥቅምት መጀመሪያ፣ ኮምቦልቻ

የወንድሜ ዶልፊን ሞተር ወርዷል። ቶዮታ 5ኤል ነው፤ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2,986 ሲሲ፣ ናፍታ። ውሎው ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ነው። በቀን የሐረጎን ዳገት ስንት ጊዜ እንደሚወጣ እሱም አይቆጥረውም። ኮንትራት ሲገኝ ደግሞ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ይወርዳል።

ችግሩ ቀስ እያለ ነው የመጣው። መጀመሪያ ዘይት መብላት ጀመረ። ቀጥሎ ጭሱ በዛ። በመጨረሻ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ፣ በሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት አመጣ። ያ መብራት ብዙውን ጊዜ የሚበራው የዘይቱ ግፊት ወደ 0.3 ባር ሲወርድ ነው። እሱ ከታየ በኋላ "ትንሽ ልሥራበትና አስገባዋለሁ" የሚባል ነገር የለም።

የተሠራው ሥራ ብዙ ነው። ሲሊንደሮቹ በ0.50 ሚሊ ሜትር ሰፍተው አዲስ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ገባላቸው። ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ቶርኖ ቤት ሄዶ በ0.25 ሚሊ ሜትር ግራይንድ ተደርጓል። ቤሪንጎቹ (ዘንጉ የሚዞርባቸው ስስ ሽፋኖች) እና የዘይት ፓምፑ አዲስ ናቸው። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ስንጥቅ እንዳይኖረው ተፈትሿል። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ አልጽፍም። እዚህ የምከታተለው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሞተር ስንት ቁጥር ዘይት ይፈልጋል? ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት ነው የሚናገረው።

ጋራዡ ውስጥ መልስ ያጣ ሰው የለም። የጋራዡ ባለቤት ጋሼ "ነጠላ 40። ድሮም 40፣ ዛሬም 40" አሉ። አጠገባቸው የሚሠራው መካኒክ "ለታደሰ ሞተር 50 ነው እንጂ" ብሎ ተከራከረ። ወንድሜ ደግሞ አዲስ አበባ ካለ ጓደኛው 5ደብሊው-30 ሲንተቲክ ምርጥ ነው የሚል ወሬ ይዞ መጣ። ሦስቱም መልስ የሰጡት ቤሪንጉ ሳይለካ ነው።

ጥቅምት አጋማሽ፣ ልኬት

ዘይቱ ዋናውን ሥራ የሚሠራው በክራንክሻፍቱ አንገትና በቤሪንጉ መካከል ባለችው ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቷ ከጠበበች ወፍራም ዘይት በበቂ መጠን አያልፍባትም፤ ቤሪንጉም አይቀዘቅዝም። ከሰፋች ቀጭን ዘይት በጎን እየፈሰሰ ይወጣል፤ ግፊት አይቆምም። ስለዚህ ቁጥሩ የሚጀምረው ከዚህ ልኬት ነው።

የቆየ የጋራዥ ልክ አለ። የአንገቱን ውፍረት ለ1,000 ታካፍላለህ። የዚህ ሞተር የቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) አንገት ከፋብሪካ ሲወጣ 55 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ 0.055 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጤናማ ክፍተት ነው። ፋብሪካው ከ0.035 እስከ 0.065 ገደማ ይፈቅዳል። 0.10 ካለፈ ቤሪንጉ ይቀየራል።

የለካነው በፕላስቲጌጅ ነው። የስፌት ክር የምታህል ቀጭን አረንጓዴ ፕላስቲክ ናት። አንገቱና ቤሪንጉ ከዘይት በደንብ ይጠረጋሉ። ክሯ በአንገቱ ላይ በቁመቱ አቅጣጫ ትቀመጣለች። ካፑ (የቤሪንጉ መያዣ ክዳን) ይገባል፣ ቡሎኖቹ በቶርክ ቁልፍ በልካቸው ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ ክራንክሻፍቱ ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ ትንሽ ከዞረ ክሯ ትላጥና ልኬቱ ይበላሻል። ካፑ ሲፈታ ክሯ ተጨፍልቃ እንደ ሪባን ጠፍጣፋ ሆና ትገኛለች። ስፋቷን ማሸጊያዋ ላይ ከታተመው ሚዛን ጋር ታስተያያለህ። የሰፋች ክር ጠባብ ክፍተት ማለት ናት፤ የጠበበች ደግሞ ሰፊ።

ሦስተኛው ቢየላ ላይ ክሯ በአንድ ጫፏ ጠበብ፣ በሌላው ሰፋ ብላ ወጣች። አንገቱ በአንድ በኩል ትንሽ ቀጥኗል ማለት ነው። ረዳቱ ልጅ ደነገጠ። ጋሼ ግን "አብሽር፣ ቶርኖ ቤት ይታያል" አሉትና በማይክሮሜትር አስለኩት። ልዩነቱ ከአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ይሄዳል።

ውጤቱ፦ የቢየላዎቹ ክፍተት ከ0.045 እስከ 0.06፣ ዋናዎቹ አንገቶች 0.05 አካባቢ። ጠባብ አይደለም፣ ሰፊም አይደለም። ይህ ልኬት ብቻውን 50 ቁጥርን "አስፈላጊ" ከሚለው መዝገብ ያወጣዋል። የተበላ ቤሪንግ ያለው አሮጌ ሞተር በወፍራም ዘይት ትንሽ ጊዜ ይታገዛል፤ ይህ ግን አሮጌ ሞተር መሆኑ አብቅቷል።

ያው ሳምንት፣ ከቡና በኋላ

ከጋሼ ጋር ረጅም ክርክር ያደረግነው በቡና ሰዓት ነው። እሳቸው በልምድ ነው የሚናገሩት፤ ልምዳቸው ደግሞ የሚናቅ አይደለም። "ዘይት እንደ ማር ካልከበደ ምኑን ዘይት ሆነ?" አሉኝ።

"አንቱ የሚሉት ክብደት ሞተሩ ሲሞቅ ነው ወይስ ሲቀዘቅዝ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዘይት ቁጥር አሰጣጥ እ.ኤ.አ. በ1911 የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ኤስ ኤ ኢ፣ ያመጣው ነው። ነጠላው 40 ቁጥር በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ ውፍረቱ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) ውስጥ ይወድቃል። 15ደብሊው-40 ላይ ያለው 40ም ያው ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ሁለቱም አንድ ናቸው። ልዩነታቸው ብርድ ላይ ነው። "ደብሊው" የክረምት ምልክት ናት፤ ከፊቷ ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል ቶሎ እንደሚንቀሳቀስ ይነግራል፤ ባነሰ ቁጥር የተሻለ።

በሒሳብ ሳሰላው፣ የደሴ ጠዋት 5 ዲግሪ ሲሆን ነጠላው 40 ከ15ደብሊው-40 እጥፍ ያህል ይወፍራል። ወንድሜ ደሴ ሲያድር መኪናውን ሆጤ አካባቢ ነው የሚያቆመው። የጦሳን ብርድ ያየ ሰው ያውቀዋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ አየሩ ሌላ ነው።

ቀዝቃዛ ወፍራም ዘይት ሌላም ጣጣ አለው። ፊልትሮው በጠዋት ሊያሳልፈው ሲቸገር ማለፊያ ቫልቩ ይከፈታል። ያኔ ዘይቱ ሳይጣራ ነው ወደ ቤሪንጉ የሚሄደው። ገና ብናኝ በሚያወጣ አዲስ ሞተር ላይ ይህ ጥሩ አይደለም።

5ደብሊው-30ን የተውኩት በሌላ ምክንያት ነው። ብርድ ላይ ግሩም ነው። ግን በ150 ዲግሪና በከባድ ጫና ሲፈተን ለ30 ቁጥር የሚጠየቀው ዝቅተኛ ውፍረት 2.9 ነው፤ ለ15ደብሊው-40 ግን 3.7። መለኪያው ሚሊ ፓስካል ሰከንድ ይባላል። በተሳፋሪ ሞልቶ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ ናፍታ ሞተር ቤሪንጉ ላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ለቀጭን ዘይት ተብሎ የተሠራ ሞተር ሌላ ነገር ነው፤ 5ኤል ግን ከእነሱ ወገን አይደለም።

ጋሼ መጨረሻ ላይ "እንግዲያው 15-40ውን አድርግ፤ ግን ጌጁን ሳታስር ሞተሩ አይነሳም" አሉ። ትክክል ናቸው። የዘይቱ መብራት ግፊት ሊያልቅ ሲል ነው የሚናገረው። ስለዚህ በመብራቱ ሴንሰር ቦታ፣ ሴንሰሩም እንዳለ ሆኖ፣ የግፊት ጌጅ አሰርን።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ግዢ

ዘይቱን ስንገዛ የተመለከትነው ቁጥሩን ብቻ አይደለም። ጀሪካኑ ላይ ያለውን የኤ ፒ አይ ክብ ምልክት ማንበብ ያስፈልጋል። በ"ኤስ" የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በ"ሲ" የሚጀምረው ለናፍታ ነው። እኛ የወሰድነው ሲ አይ-4 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ደረጃ። ጥላሸትን በውስጡ በትኖ የመያዝ አቅሙ ጥሩ ነው።

ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ናፍታ ሞተር የሚስበው አየር ሲያንስ፣ ፖምፓው (የናፍታ ፓምፑ) የሚረጨው ናፍታ ካልተቀነሰ ያልተቃጠለው ጥላሸት ይሆናል። ከፊሉ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ይወጣል፣ ከፊሉ በፋሻው ጎን ወደ ዘይቱ ይወርዳል። የ5ኤል ዘይት ቶሎ የሚጠቁረው በዚህ ነው። መጥቆሩ ብቻውን አያስደነግጥ፤ ዘይቱ ጥላሸቱን ተሸክሞታል ማለት ነው።

ደግሞ ማኅተሙን እዩ። ተከፍቶ እንደገና የተሞላ ጀሪካን ገበያ ላይ ይገኛል። ክዳኑ ሲዞር ቀለበቷ "ቀጭ" ብላ ካልተቆረጠች አትግዙ።

ለመጀመሪያው ሙሌት የመረጥነው ሚኒራል ዘይት ነው። ሲንተቲክ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ቶሎ የሚወርድ ዘይት ነውና በውድ መግዛቱ ጥቅም የለውም።

ኅዳር መጀመሪያ፣ ሞተሩ ተነሳ

ቤሪንጎቹ ሲገጠሙ ዘይት ተቀብተዋል። ፊልትሮው ከመታሰሩ በፊት ዘይት ሞላንበት። ከዚያ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን ፈታን፤ መጭመቂያ ስለሌለ ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) ቀልሎት ያዞራል። ፖምፓው ላይ ያለችውን የናፍታ መቁረጫ ገመድም ነቀልን። ወንድሜ ቁልፉን ያዘ፣ ሁላችንም ጌጁ ላይ አፈጠጥን። መርፌው መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ሞተሪኖው እንዳይግል እያሳረፍን ደጋገምን። ድንገት መርፌው ተንቀጠቀጠና ወደ 2 ባር ወጣ። ጋሼ "ማሻአላህ፣ ደረሰ!" አሉ። ዘይቱ ቤሪንጉ ጋር ሳይደርስ ሞተር ማስነሳት ማለት አዲሱን ቤሪንግ በደረቁ ማሸት ነው። ስለዚህ ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው አይገባኝም።

ካንዴላዎቹ ተመልሰው ሞተሩ ሲነሳ 5.5 ባር አነበበ። ወዲያው ዙሩን ወደ 1,800 ከፍ አድርገን ያዝነው። አዲስ ሞተርን በሚኒሞ ማቆየት ጥሩ አይደለም። ፋሻው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚጋባው የቃጠሎው ግፊት ከኋላው ሲገፋው ነው። ጫና ከሌለ ግድግዳው ይወለወልና ይንሸራተታል፤ ከዚያ በኋላ ዘይት መብላቱ አይቆምም።

ኅዳር፣ ሐረጎ ላይ

ለፋሻ መጋባት ከሐረጎ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ባዶ መኪና፣ ሦስተኛ ማርሽ፣ ግማሽ ጋዝ። አስጨንቆ ሳይሆን ደህና አድርጎ ማሠራት። ከዚያ ቁልቁለቱን በሞተር እየያዙ መውረድ። ጭሱ በየምልልሱ እየቀነሰ መጣ።

500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲሆን ዘይቱ ወረደ። ፊልትሮውን በመቁረጫ ከፈትነውና ወረቀቱን እንደ መጽሐፍ ዘረጋነው። በየእጥፉ ውስጥ የብር ብናኝ የመሰለ ደቃቅ ነገር አለ፤ ከፋሻውና ከግድግዳው የወጣ ነው፣ ይጠበቃል። ማግኔት ሲጠጋው ከፊሉ ተነሳ። ያስፈራን የነበረው መዳብ የመሰለ ቀይ ቅርፊት ነው፤ እሱ የቤሪንጉ ሽፋን መላጡን ይናገራል። አንድም አላገኘንም። ረዳቱ ልጅ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ እያገላበጠ ደጋግሞ አየው።

ሁለተኛው ሙሌትም ያው 15ደብሊው-40 ነው።

ኅዳር መጨረሻ፣ የጌጁ ንባብ

ሙሉ ሰው ጭኖ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ሲገባ፣ ሞተሩ ትኩስ ሆኖ፣ በሚኒሞ 1.1 ባር። በ2,500 ዙር 3.6 ባር። የመካኒኮች የቆየ ልክ ለእያንዳንዱ 1,000 ዙር 0.7 ባር ገደማ ነው፤ በ2,500 ላይ 1.75 ይበቃል ማለት ነው። እጥፍ አለን።

ደሴ ባደረበት ጠዋት ደግሞ መብራቱ ሞተሩ እንደተነሳ ወዲያው ጠፋ።

ታኅሣሥ፣ ወደ ሚሌ

ጋሼ ያላመኑት ይህን ነው። "ሐረጎ ቀዝቃዛ ነው፤ ሚሌ ላይ ታየዋለህ" አሉኝ። ሚሌ ከባሕር ጠለል 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ሌላ ዓለም ነው። ኮንትራት ሲገኝ አብሬ ሄድኩ። ደርሰን ስንቆም በሚኒሞ 0.8፣ በ2,500 ዙር 2.9 ባር። ዝቅ ብሏል፤ ግን ከሚያስፈራው በብዙ ይርቃል።

ተመልሰን ስንነጋገር 20ደብሊው-50 እንሞክር አሉ። ተስማማሁ። ፍርድ ያለ ሙከራ አይሆንም። የሚቀጥለው የሚሌ ጉዞ በእሱ ሆነ። በሚኒሞ 1.0፣ በ2,500 ዙር 3.4 አነበበ። ቁጥሩ ከፍ ብሏል፤ ጋሼ ትክክል ነበሩ። ደሴ ጠዋት ላይ ግን መብራቱ ሳይጠፋ የቆየው ከበፊቱ ይበልጣል። ሞተሪኖውም ሲያዞር መክበዱ በጆሮ ይታወቃል። መርፌው ከፍ ብሎ የፓምፑ ማስተንፈሻ ቫልቭ የሚከፈትበት ላይ ቆመ። ያ ትርፍ ግፊት ተመልሶ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) ነው የሚፈሰው፤ ቤሪንጉ ምንም አያገኝበትም።

የግፊት ቁጥር ሲያድግ ደስ የሚላቸው ብዙ ናቸው። ግፊት ግን ዘይቱ ለማለፍ የሚገጥመውን እምቢታ ነው የሚያሳየው። ቤሪንግ የሚፈልገው በበቂ ግፊት ብዙ ዘይት እንዲያልፍበት ነው፤ ሙቀቱን ይዞለት የሚወጣው እሱ ነው።

ሌላ ያሰላሁት ነገር አለ። 20ደብሊው-50 በ110 ዲግሪ ያለው ውፍረት፣ 15ደብሊው-40 በ100 ዲግሪ ካለው ጋር እኩል ይመጣል። ዘይቱን በ10 ዲግሪ ያቀዘቀዘ ሰው አንድ ቁጥር የጨመረ ያህል ነው። ስለዚህ የሚሌን ጉዳይ በራዲያተሩ ጀመርን። አቧራና ነፍሳት የደፈነውን በውሃ ከኋላ ወደ ፊት አጠብን። የቬንቲሌተሩ መያዣ ላልቶ ይንሸራተት ነበር፤ ተቀየረ። በሦስተኛው የሚሌ ጉዞ፣ 15ደብሊው-40 ተመልሶ ገብቶ፣ በሚኒሞ 0.9፣ በ2,500 ዙር 3.2 ባር አነበበ። ጋሼ ጌጁን ራሳቸው ጎንበስ ብለው አዩና "ይሁን" አሉ። ከእሳቸው ይህ ብዙ ነው።

ሙሉ ሥራው ባቲና ሚሌ መስመር ላይ የሆነ፣ ደሴ የማያድር መኪና ቢሆን 20ደብሊው-50ን አልቃወምም ነበር። ቤሪንጉ 0.08 የሚለካ ቢሆንም እንዲሁ። የወንድሜ መኪና ግን ጠዋት ብርድ ውስጥ ተነስቶ፣ ከሰዓት ዳገት ላይ የሚውል ነው።

ጥር፣ አሁን ያለበት

ዘይት መብላቱ ቆሟል። በዘይት ለውጥ መካከል ዲፕስቲኩ ላይ የሚታይ ጉድለት የለም። ጭሱ የሚታየው ሐረጎ ላይ ማርሽ ሲቀየር ብቻ ነው።

ውስጡ ያለው 15ደብሊው-40፣ ሲ አይ-4 ነው። የሚቀጥለው ለውጥ በ5,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ፊልትሮው ያኔም ይቆረጣል። ጌጁ ከዳሽቦርዱ ሥር እንደታሰረ ይቆያል። ወንድሜ ሞተሩ ሲሞቅ በሚኒሞ ከ0.6 በታች ካየ መኪናውን አቁሞ ይደውልልኛል። ቁጥሩን ከጌጁ አጠገብ በነጭ ቀለም ጽፎታል።